የተጨማደደች ኦርኪድ ገዝታችኋል? ውሃው ይቆይ፣ መጀመሪያ ሥሯን እዩ

ቅጠሏ የተጨማደደና የዛለ ኦርኪድ ከሱቅ ይዛችሁ ስትገቡ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ያስታውቃል፣ ተጠምታለች። ግን ትንሽ ታገሱ። የኦርኪድ ቅጠል የሚጨማደደው በሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ነው። አንዱ ውሃ ማጣት ነው፣ ሌላው ውሃ መብዛት። ቅጠሉ ላይ ግን ሁለቱም አንድ መልክ ነው ያላቸው። የመጀመሪያዋ ሥሯ ደህና ሆኖ የሚጠጣ ነገር ያጣች ናት። ሁለተኛዋ ደግሞ ሥሯ በስብሶ አልቆ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጣም መጠጣት ያቃታት ናት። ለሁለተኛዋ ውሃ ጨመራችሁላት ማለት ገደላችኋት ማለት ነው። የትኛዋ እንደሆነች የሚነግራችሁ ፖቱ ውስጥ የተደበቀው ሥር እንጂ ቅጠሉ አይደለም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አውጥቶ ከማየት ነው።

እዚህ የማወራው በየሱቁ በብዛት ስለምትሸጠው፣ ሰፋፊና ወፍራም ቅጠል ስላላት፣ አበባዋ በረጅም ዘንግ ላይ ስለሚደረደረው ፋሌኖፕሲስ ነው። ሌሎቹ የኦርኪድ ዓይነቶች አንዳንድ ነገራቸው ይለያል።

እዚህ ደረጃ እንዴት ደረሰች?

ፋሌኖፕሲስ በተፈጥሮዋ አፈር ላይ አትበቅልም። እንደ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ባሉ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች፣ ደን ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው። ሥሯ የዛፉን ቅርፊት ይይዛል፣ ግማሹም አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዝናብ ሲመጣ ይርሳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያደርቀዋል። ሥሩን የሸፈነው ነጣ ያለ ወፍራም ልባስ ቬላመን ይባላል። እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ምጥጥ ያደርጋል። ግን ቶሎ ቶሎ አየር ማግኘት አለበት። ሁሌ ረጥቦ ከዋለና ካደረ ታፍኖ ይበሰብሳል።

አሁን ሱቅ ውስጥ ምን እንደሚደርስባት አስቡት። እርሻው ላይ ስታድግ ቦታው፣ ሙቀቱና ውሃው ሁሉ ተለክቶ ነው የሚሰጣት። ከዚያ በካርቶን ታሽጋ ጨለማ ውስጥ ትጓዛለች፣ ሱቅ ደርሳ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ሥሯ የታጨቀው ስፋግነም ሞስ በሚባል፣ ውሃ በሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ የደረቀ ተክል ውስጥ ነው። ይሄ ሞስ ሲረጥብ ለሳምንት ያህል አይደርቅም። ሲደርቅ ደግሞ ድርቅ ብሎ ውሃውን አልቀበልም ይላል፣ ከላይ ያፈሰሳችሁት በጎን ተንሸራቶ ይወርዳል። ላዩ እርጥብ ይመስላል፣ መሀሉ ግን ደረቅ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ፖቱ የሚቀመጠው ቀዳዳ በሌለው ጌጠኛ ዕቃ ውስጥ ነው፣ ውሃው እታች ይጠራቀማል። አንዷ ተክል ላዩዋ ደርቆ እታችዋ የሚበሰብሰው እንዲህ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፋሌኖፕሲስ ውሃዋን በብዛት የምታጠራቅመው ቅጠሏ ውስጥ ነው። ቅጠሏ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች የምትከፍተውም በዋናነት ሌሊት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። ስለዚህ በጣም ቆጣቢ ናት፣ ጥሟ ቶሎ አያስታውቅባትም። ቅጠሏ ተጨማድዶ ካያችሁ ችግሩ ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት አስቆጥሯል። መዳኑም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በሦስት ቀን ቅጠሏ ቀጥ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ልትገዙ ከሆነ ይቺን እዩ

ገና ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ቅናሽ የተደረገባትን እያያችሁ ከሆነ፣ ከሁሉም በፊት አናቷን እዩ። አናቷ ማለት አዲስ ቅጠል የሚወጣበት፣ ላይኛዎቹ ቅጠሎች የሚገናኙበት መሀል ነው። እሱ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ ቅጠሎቹ የቱንም ያህል ቢጨማደዱ ተስፋ አላት። አናቷ ከጠቆረ፣ ውሃ ውሃ ካለ፣ ወይም የላይኛውን ቅጠል ነካ ስታደርጉት እጃችሁ ላይ ከቀረ ግን ተዉት። አበባ መኖር አለመኖሩ ምንም አይነግራችሁም። ሥር የሌላት ኦርኪድ እንኳን ቅጠሏ ውስጥ ባለው ስንቅ አበባዋን ለሳምንታት ይዛ ልትቆይ ትችላለች።

ቅጠሉንም ገልብጡት። ነጭ የጥጥ ብናኝ የሚመስል ነገር፣ ወይም የተለጠፈ ቡናማ ቅርፊት የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ተባይ ነው። ንጹህ ብትመስልም ለአንድ ወር ያህል ከሌሎቹ ተክሎቻችሁ ለይታችሁ አስቀምጧት። ተባዩ መጀመሪያ የሚደበቀው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ በአንድ እይታ ላይታያችሁ ይችላል።

ከፖቷ ማውጣት

በጉልበት አትጎትቷት። መጀመሪያ ፖቱን እንዳለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃው እስከ ፖቱ አፍ ይድረስ፣ አናቷን ግን አይንካ። ደረቅ ሥር ይሰበራል፣ የረጠበ ግን ይለሰልሳል፣ ይተጣጠፋል። ከዚያ ፖቱን ከጎንና ከጎን ጫን ጫን አድርጋችሁ አላቅቁት። ሥሩ ፖቱ ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ ፖቱን በመቀስ ቅደዱት። ፖት ይተካል፣ ሥር ግን በወራት ነው የሚበቅለው።

ሞሱን በጣታችሁ እየፈታችሁ አውጡ። አትቸኩሉ፣ ይሄ የሥራው ግማሽ ነው። መሀል ላይ፣ ልክ ከግንዱ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ትንሽ ጥቅጥቅ ያለ ጉብታ ታገኛላችሁ። ተክሏ ችግኝ እያለች የተተከለችበት ነው፣ አንዳንዴ በስስ መረብ የተጠቀለለ ነው። እሱን የግድ አውጡት። ውጪው ደርቆ እሱ ብቻ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ብስባሴው በብዛት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁሉንም ካጸዳችሁ በኋላ ሥሩን ለብ ባለ የሚፈስ ውሃ እጠቡትና አንድ በአንድ ዳስሱት። ዓይናችሁ ሊያታልላችሁ ስለሚችል እጃችሁን እመኑ። ቡናማ የሆነ ሁሉ የሞተ አይደለም። ሞሱ ራሱ ሥሩን ቡናማ ያደርገዋል፣ ብርሃን ያላገኘ ሥርም ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነው። በሁለት ጣት ጫን ስትሉት ጠጠር ካለ በሕይወት አለ። ጫን ስትሉት ከፈረጠና ቡናማ ውሃ ካወጣ በስብሷል። ውስጡ ባዶ ሆኖ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ከሆነ ደርቆ ሞቷል። የሞተውን ሥር ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ውጪኛው ልባስ እንደ ካልሲ ሹልክ ብሎ ይወጣና መሀሉ ላይ ቀጭን ክር ይቀራል። ካመነታችሁ ሥሩ ከረጠበ ከደቂቃዎች በኋላ ቀለሙን እዩ። በሕይወት ያለውና ብርሃን ያየው ሥር ከብርማ ግራጫ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ከፊሉ ደህና ከፊሉ የሞተ ሥርም አለ፣ ደህናው እንዳለ ይቆይ።

የሞተውን መቁረጥ

መቀሱን አጽዱ። ይቺን አትዝለሏት። ኦርኪዶችን የሚያጠቁ መድኃኒት የሌላቸው ቫይረሶች አሉ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚተላለፉትም በዋናነት በመቀስና በቢላ ነው። ምላጩን በእሳት ለብልቡትና እስኪበርድ ጠብቁ። ከአንዷ ተክል ወደ ሌላዋ ስታልፉ እንደገና ለብልቡት። በ70 ፐርሰንት አልኮል መጥረግ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ይረዳል፣ ለቫይረስ ግን እሳት ይሻላል።

የፈረጠውንና ወረቀት የሆነውን እስከ ደህናው ድረስ ቁረጡ። አረንጓዴውን ወይም ነጩን ጠንካራ ክፍል ስታገኙ አቁሙ። ሁሉም ሥር ሞቶ ከሆነ ከክሮቹ ሁለት ሦስቱን ተዉላት። አይጠጡም፣ ግን አዲሱ ፖት ውስጥ ተክሏን ይዘው ያቆሟታል።

ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሱ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ቀረፋ ፈንገስ ይከላከላል፣ እውነት ነው፣ ግን ያደርቃልም። የተቆረጠ ግንድ ወይም የቅጠል ቁስል ላይ ትንሽ ነካ ማድረግ ይቻላል። ውሃ አጥታ የተሰቃየች ተክል ሥር ላይ መበተን ግን ያቺኑ የተረፈቻትን ሥር ማድረቅ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማፍሰስንም አልወደውም። አረፋው ሲነሳ የሚሠራ ይመስላል፣ ግን የሞተውንና በሕይወት ያለውን አይለይም፣ ለጋውን የሥር ጫፍም ሊጎዳው ይችላል። በንጹህ መቀስ መቁረጥና አየር ማግኘት በቂ ነው።

የአበባው ዘንግ ካለስ? ቁረጡት። አውቃለሁ፣ የገዛችኋት ለአበባዋ ሊሆን ይችላል። ግን አበባ ውሃና ጉልበት ይበላል፣ እሷ ደግሞ አሁን ለሥር የሚሆን እንኳን የላትም። ከግንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቁረጡትና ዘንጉን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት፣ አበባው በዚያ ለብዙ ቀን ያምራል። ሥሯ በአብዛኛው ደህና ሆኖ ውሃ ብቻ ያጣች ከሆነች ዘንጉን ልትተዉት ትችላላችሁ። ሥር ለሌላት ግን ምንም ድርድር የለም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል

ሥሯ በአብዛኛው ደህና ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ችግሩ ጥማት ብቻ ነበር። ሥሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት፣ አውጥታችሁ አንጠፍጥፉትና ትከሏት።

መትከያው አፈር መሆን የለበትም። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጥድ ቅርፊት ከሁሉም ይሻላል። አየር ያስገባል፣ ውሃም አያቁርም። ቅርፊቱን ግን ቀድማችሁ ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ደረቅ ቅርፊት ውሃ አይቀበልም፣ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ለሳምንታት ሥሩን በጥም ያቆየዋል። ቤታችሁ በጣም ደረቅ ከሆነ ትንሽ ስፋግነም ሞስ ቀላቅሉበት፣ ሳታጭቁ፣ ልል አድርጋችሁ።

ፖቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቢሆን ደስ ይለኛል። የሥሩን ቀለም እያያችሁ መቼ ውሃ እንደምታጠጡ ታውቃላችሁ። ታቹና ጎኑ ላይ ብዙ ቀዳዳ ይኑረው። መጠኑ በሥሩ ልክ ይሁን፣ ሰፋ አይበል። ሰዉ ለተጎዳች ተክል ይመቻት ብሎ ትልቅ ፖት ይሰጣታል፣ ነገር ግን ሥሩ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ እርጥብ ሆኖ ይቆይና እንደገና ያበሰብሳታል።

ስትተክሉ ግንዱ ቅርፊቱ ላይ ይቀመጥ፣ ውስጥ አይቀበር። የታችኞቹ ቅጠሎች ከቅርፊቱ በላይ ይሁኑ። ተክሏ ከተወዛወዘች በቀጭን እንጨት ደግፋችሁ እሰሯት። የሚወጣው አዲስ ሥር ጫፉ በጣም ለጋ ነው፣ ተክሏ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ቅርፊቱ ላይ እየታሸ እድገቱ ይቆማል። ይሄን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፣ እኔ ግን ከማዳበሪያም በላይ አስፈላጊ ነው ባይ ነኝ።

ብዙ ሥር ከቆረጣችሁ ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ አትስጧት። ምንም ካልቆረጣችሁ መጠበቅ አያስፈልግም።

አንድ ሁለት ሥር ብቻ ከቀራት የጥድ ቅርፊት ብቻውን ቶሎ ስለሚደርቅባት ትንሽዬ ፖት ውስጥ ልል ባለ እርጥብ ስፋግነም ሞስ ትከሏት። ሞሱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። ላዩ ደረቅ ደረቅ ሲል ጠርዙን ዞራችሁ ትንሽ ውሃ ጣል ጣል አድርጉ። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ቀጥሎ ለምናወራው ለሥር አልባዋ የሚደረገው ይደረግላት።

ምንም ሥር ከሌላት

ብዙ ሰው የሚጥላት እዚህ ጋ ነው። መጣል የለባትም፣ አናቷና ግንዷ ደህና እስከሆኑ ድረስ መሞከር ተገቢ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥር ስለሌላት ውሃ ልታስገባ አትችልም፣ ስለዚህ እንዳይወጣባት ማድረግ ነው ያለን። ከቅጠሏ የሚወጣውን ውሃ የሚቀንሰው ደግሞ እርጥበት የሞላው አየር ነው።

ክዳን ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱ፣ ከሌለ ሰፋ ያለ ንጹህ ፌስታልም ይሆናል። ስፋግነም ሞስ ውሃ ውስጥ ንከሩና በእጃችሁ ጭምቅ አድርጉት፣ አንድ ጠብታ እንኳን እስከማይወጣ ድረስ ጭመቁት። ታች ላይ አንጥፉት። ተክሏን ከላዩ አስቀምጧት፣ የግንዱ ጫፍ ሞሱን ነካ ያድርግ፣ አይቀበር። ቅጠሎቹ እርጥቡ ሞስ ላይ እንዳይተኙ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ወይም አንድ ነገር ላይ አስደግፋችሁ አስቀምጡ። ክዳኑን ግጠሙት።

የምትቀመጥበት ቦታ ብርሃን ያለው ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው ይሁን። ይሄን በጣም ነው የማሳስበው። የተዘጋ ሳጥን ላይ ቀጥታ ፀሐይ ካረፈ ውስጡ በአጭር ጊዜ ይግላል፣ ተክሏም ትቀቀላለች። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ሥር ለማውጣት ያግዛታል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከሆነች ምንም ሳታደርግ ወራት ትቆያለች፣ በዚያ ላይ ትሻግታለች።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ከፍታችሁ አየር አስገቡላት። ሻጋታ ካያችሁ ሞሱን ቀይሩ፣ ግንዱን እዩ፣ የለሰለሰ ነገር ካለ እስከ ደህናው ቆርጣችሁ አድርቁት። ከዚያ ውጪ አትንኳት። እየደጋገሙ ማንሳትና ማየት ገና የሚወጣውን ሥር ይሰብረዋል። ለዚህ ነው ሳጥኑ ብርሃን አሳላፊ መሆን ያለበት፣ ከውጪ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? አንዳንዷ በሳምንታት ውስጥ ሥር ታወጣለች፣ አንዳንዷ ከግማሽ ዓመት በላይ ትቆያለች። የምትጠብቁት ምልክት ከግንዱ ጎን፣ ከቅጠሎቹ መሠረት አካባቢ የሚወጣ የሚያብረቀርቅ ትንሽ እብጠት ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ሐምራዊ ነው፣ ጫፉ እርጥብ ይመስላል። ሁለት ሦስት ሥር ወጥቶ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ ፖት ውስጥ ትከሏት። ግን በአንድ ቀን ከሳጥኑ አታውጧት። ክዳኑን መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ገርበብ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እየከፈታችሁ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ አለማምዷት።

ጎን ለጎን አንድ ልናገር። ተክሏን ውሃ የያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጦ ሥር እስክታወጣ የሚጠብቅም አለ። የተሳካላቸው አሉ። ውሃው ግንዱን እስካልነካ ድረስ ከሳጥኑ ዘዴ ብዙም አይለይም፣ ሁለቱም የሚሠሩት በእርጥበት ነው። ግንዱ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ብስባሴ ይጠብቃታል።

ውሃ፣ ከአሁን በኋላ

በሳምንት አንዴ አጠጡ የሚለውን ሕግ እርሱት። ቤቱ፣ ወቅቱ፣ ፖቱ፣ መትከያው ሁሉ ይለያያል። ሥሩን እዩት። አረንጓዴ ከሆነ ገና ውሃ አለው፣ ብርማ ግራጫ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። የፖቱ ግድግዳ ላይ የውሃ ጤዛ ካለ ጠብቁ። ፖቱን ማንሳትም ልመዱ። ውሃ የጠጣና የደረቀ ፖት ክብደታቸው በግልጽ ይለያል፣ ጥቂት ጊዜ ካነሳችሁት በኋላ እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ስታጠጡ ጠዋት ይሁን፣ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡ። ፖቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀምጡትና አውጥታችሁ ሙሉ በሙሉ አንጠፍጥፉት። ጌጠኛው ዕቃ ውስጥ ስትመልሷት ታቹ ላይ ውሃ እንዳይኖር። አናቷ ላይ ውሃ ከገባ በሶፍት ጫፍ ምጠጡት፣ እዚያ ያደረ ውሃ አናቷን ያበሰብሰዋል። በረዶ ኩብ ጣል አድርጉ የሚለውን ምክር ለተጎዳች ተክል አልመክርም። የሞቃት አገር ተክል ናት፣ መጠኑም ቅርፊቱን በደንብ አያርሰውም።

የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። የቧንቧ ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ደለል የሚተው ዓይነት ከሆነ ጨዉ ሥሩ ላይም ይጠራቀማል፣ ስለዚህ ቢያንስ አልፎ አልፎ በዝናብ ወይም በተጣራ ውሃ እጠቡላት። በጨው በሚሠራ የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ያለፈ ውሃ ግን አይሆንም።

ቅጠል ላይ ውሃ መርጨትስ? ለጥቂት ደቂቃ ያረጥባል፣ ይደርቃል፣ አለቀ። ቅጠሏ በዚህ መንገድ ጥሟን አትቆርጥም፣ አናቷ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ ደግሞ አደጋ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 70 ፐርሰንት ቢሆን ይመቻታል። ተክሎችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ትንሽ ይረዳል። አየሩ ግን ይንቀሳቀስ፣ የታመቀ እርጥበት ሻጋታ ነው።

ብርሃንና ማዳበሪያ

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት አጠገብ፣ ወይም ጠንካራ ፀሐይ ካለ ከስስ መጋረጃ ጀርባ። እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉና ጥላውን እዩ። ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ጥላ ካያችሁ ልክ ነው፣ ጥርት ያለ ጥቁር ጥላ ከሆነ በዝቷል፣ ምንም ጥላ ከሌለ አንሷል። ውሃ ያጣች ተክል ራሷን ማቀዝቀዝ ስለማትችል ቅጠሏ ቶሎ ይቃጠላል፣ በማገገሚያው ወቅት ከተለመደው ትንሽ ቀነስ ያለ ብርሃን ይሻላታል። ሙቀቱ ቀን ከ20 እስከ 29 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ16 ዲግሪ የማያንስ ይሁን።

ማዳበሪያ አሁን አትስጧት። ደክማለችና ትብላ የሚለው አስተሳሰብ ለእሷ አይሠራም። ሥር ከሌለ የሚወስደው የለም፣ ጨዉ ደግሞ ያለችውን ጥቂት ሥር ያቃጥላል። አዲስ ሥር ወጥቶ ማደግ ሲጀምር ብቻ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በጥብጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ ስጧት፣ ሥሩ ቀድሞ በውሃ ረጥቦ ይሁን። በወር አንዴ ደግሞ በንጹህ ውሃ ብቻ አለቅልቁት።

ምን ትጠብቃላችሁ?

መጀመሪያ ምንም። ሳምንታት ያልፋሉ፣ እሷ እንደነበረች ናት። አንዳንዴ እንደውም የባሰባት ይመስላል፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። አትቁረጡት። ውስጡ ያለውን ውሃና ምግብ ወደ ላይ እየሳበች ነው፣ ጨርሶ ሲደርቅ ራሱ ይወድቃል። አሳሳቢ የሚሆነው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከአናቷ ሲጀምር ነው።

የተጨማደዱት ቅጠሎች ደግሞ ምናልባት መቼም ሙሉ በሙሉ አይስተካከሉም። ጥማቱ ቀላል ከነበረ ቀስ በቀስ ይሞላሉ። ብዙ የቆየ ከሆነ ግን መስመሩ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ይኖራል። ይሄ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ውሃው አልሠራም ብለው እየጨመሩ እየጨመሩ ይሄዳሉ። አሮጌውን ቅጠል መመልከት ተዉና ሁለት ነገር ተከታተሉ፣ አዲስ የሥር ጫፍና አዲስ ቅጠል። በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሷት። በየቀኑ ስለምታዩዋት ለውጡ አይታያችሁም፣ ፎቶዎቹን ስታነጻጽሩ ግን ይታያል። አዲሱ ቅጠል ከቀድሞዎቹ በመጠን ካነሰ አትደናገጡ፣ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው። ተከታዩ ካለፈው እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ድናለች።

ተስፋ የሚቆረጥበት ጊዜም አለ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ግንዷን ስትቆርጡት ውስጡ እስከ ላይ ድረስ ቡናማ ከሆነ ብስባሴው ደርሶባታል፣ ልታድኗት አትችሉም። አናቷ ብቻ ሞቶ ግንዱና ሥሩ ደህና ከሆኑ ግን አትጣሏት። ፋሌኖፕሲስ አናቷ ሲሞት ከግንዱ ጎን አዲስ ልጅ ልታወጣ ትችላለች። ውሃውን በመጠኑ እየሰጣችሁ ጠብቁ፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አበባውን አታስቸኩሏት። ገና ሁለት ቅጠልና ጥቂት ሥር ይዛ የአበባ ዘንግ ልታወጣ ትችላለች፣ የተጨነቀች ተክል እንዲህ ታደርጋለች። እሱን ገና አጭር እያለ ቁረጡት። አራት አምስት ጠንካራ ቅጠልና ፖቱን የያዘ ሥር ሲኖራት ግን ፍቀዱላት። ዘንግ እንድታወጣ የሚያነሳሳት ቅዝቃዜ ነው። ለጥቂት ሳምንታት የክፍሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በታች ሆኖ ሌሊቱ ከቀኑ ጥቂት ዲግሪ በረድ ቢል ይበቃል። ዘንጉ ሲወጣ ከሥር ጋር እንዳታምታቱት። የሥር ጫፍ ድቡልቡልና ለስላሳ ነው፣ የዘንጉ ጫፍ ግን ሾጠጥ ያለ ነው፣ ወደ ብርሃኑም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፖቱን አታዙሩት፣ ዘንጉ ብርሃኑን ተከትሎ ስለሚሄድ ካዞራችሁት ይጣመማል። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀጭን እንጨት ደግፉት፣ የበሰለ ፍራፍሬ ካለበትም አርቁት፣ ከፍራፍሬው የሚወጣው ጋዝ እምቡጡን ያረግፈዋል።